ኮቺ ወደብ ላይ ሦስት ሳምንት፦ በጀልባ ለሚጓዙ ባልና ሚስት

ጥያቄ፦

እኔና ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ሆላንድ ከኖርን በኋላ፣ እርሱ ጡረታ ሲወጣ 11 ሜትር በሆነች የሸራ ጀልባ ባሕር ላይ መኖር ጀመርን። እርሱ ሆላንዳዊ ነው፤ በጀልባ ላይ ነው ያደገው። እኔ ደሴ ተወልጄ ባሕር ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አሁን ማሌዥያ፣ ላንካዊ ደሴት ላይ ነን። በጃንዋሪ ተነሥተን ሕንድ አገር፣ ኮቺ ወደብ ላይ ሦስት ሳምንት ለማረፍ አስበናል። ችግሬ ወደብ በደረስን ቁጥር መጣላታችን ነው። እርሱ ከሞተሩ ጋር ይውላል፤ እኔ ልብስ አጥቤ፣ አስቤዛ ገዝቼ፣ ጋዝ አስሞልቼ በተረፈኝ ሰዓት ከተማውን ብቻዬን እዞራለሁ። ካለፈው ወደብ አንድም ቀን አብረን ሳንወጣ ተነሣን፤ ከዚያም ለቀናት በቅጡ አልተነጋገርንም። እርሱ «ጀልባዋ ካልተጠገነች ከተማው ምን ያደርግልናል?» ይላል። ኮቺን አብሬው ለማየት ምን ላድርግ? ደግሞም እዚያ ያሉት ኦርቶዶክሶች በእምነት ወገኖቻችን ናቸው ሲባል ሰምቻለሁና ማስቀደስ እችላለሁ? ዱባይ የምትኖረው እኅቴስ መምጣት ትፈልጋለች፤ ልጥራት?

ምላሽ፦

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎን አንብቤ እንደተረዳሁት፣ ወደብ ላይ የምትጣሉት ለብዙ ቀናት ሳትነጋገሩ ስለምትደርሱ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ባሕር ሲያቋርጡ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል። ከላንካዊ ተነሥቶ በስሪ ላንካ ደቡብ በኩል ዞሮ ኮቺ የሚያደርሰው መንገድ 1500 የባሕር ማይል ያህል ስለሆነ፣ ጀልባችሁ በሰዓት አምስት ማይል ሳታቋርጥ ብትሄድ እንኳ አሥራ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ እየኖራችሁ የምትገናኙት ተራ ስትለዋወጡ፣ ያውም አንዳችሁ ከእንቅልፍ ሳትነቁ ሌላችሁ ለእንቅልፍ ስትቸኩሉ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ደግሞ ከሁሉም ይከብዳሉ፤ በስሪ ላንካ ደቡባዊ ጫፍ የሚተላለፉት ትላልቅ መርከቦች ብዙ ናቸው፣ በስሪ ላንካና በሕንድ መካከል ባለው የማናር ባሕረ ሰላጤ በዚያ ወቅት ከሰሜን ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል፣ ኮቺ በምትገኝበት በሕንዱ የኬረላ ግዛት ጠረፍም ያለ በቂ መብራት የሚያጠምዱ ትናንሽ ጀልባዎችና የተዘረጉ መረቦች ያጋጥማሉ። ስለዚህ ኮቺ የሚደርሱት የደከሙና የተነፋፈቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ናፍቆታቸውን ግን ለመግለጽ ጉልበት ስለማይተርፋቸው በትንሹ በትልቁ ይቆጣሉ።

ባለቤትዎ መልሕቅ እንደጣለ ወደ ሞተሩ መውረዱን ከእርስዎ እንደ መሸሽ አይቁጠሩት። በጀልባ ያደገ ሰው ወደብ ላይ ሆኖ የሚያስበው ስለሚቀጥለው ባሕር ነው፤ የተሰነጠቀ ቺንጋ ወይም የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ከየብስ ርቆ ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቅ፣ ሥራው ሳያልቅ ልቡ አያርፍም። ይህ ሥጋት እርስዎንም የሚጠብቅ ሥጋት ነው። ይሁንና እርሱም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ስላለ ይህን ምላሽ ተርጉመው ቢያነቡለት ደስ ይለኛል። ልብስ ማጠብን፣ ለሳምንታት የሚበቃ ምግብ መግዛትንና ጋዝ ማስሞላትን እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ እንደ ሥራ አልቆጠሯቸውም፤ እርሱም እንደማይቆጥራቸው እገምታለሁ። እነዚህ ግን የጀልባ ሥራዎች ናቸው፤ ሞተሩ በደንብ ቢሠራም የሚበላና የሚጠጣ ሳይጫን ጀልባዋ ከወደብ አትወጣም። «እርሱ ይሠራል፣ እኔ እዞራለሁ» የሚለው ሐሳብ በሁለታችሁም ልብ ውስጥ እስካለ ድረስ አብሮ መውጣት እርሱ ለእርስዎ የሚያደርገው ውለታ ይመስላል፤ በውለታ የሚወጣ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ሰዓቱን ያያል።

ስለዚህ ኮቺ ከመድረሳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት፣ ነፋሱ ለዘብ ባለበት ሰዓት፣ የሁለታችሁንም ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ የእርሱንና የእርስዎን ከመለየት ይልቅ፣ ጀልባው ላይ የሚሠራውንና ከከተማ የሚመጣውን ለዩ። ከከተማ የሚመጣውን ሁሉ አብራችሁ ሂዱበት፤ ፊልትሮውንም፣ ብሎኑንም፣ ሩዙንም፣ ሽንኩርቱንም። ለጥያቄዎ ያለኝ ዋና መልስ ይህ ነው። ባለቤትዎን ከጥገናው አላቅቀው ወደ ጉብኝት ለመውሰድ መታገልዎን ይተዉና፣ ጥገናው ራሱ ወደ ከተማው እንዲያወጣው ያድርጉ።

ይህን የምለው ኮቺ ለእንዲህ ያለ አካሄድ የተፈጠረች ከተማ ስለሆነች ነው። ማሪናው፣ ማለትም እንደ እናንተ ያሉ ጀልባዎች የሚታሰሩበት ማረፊያ፣ የሚገኝበት የቦልጋቲ ደሴት ከኤርናኩለም፣ ማለትም የዛሬው ከተማ ዋና ንግድ ካለበት የብስ፣ በጠባብ ውኃ ብቻ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ «ዋተር ሜትሮ» የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጀልባዎች ደሴቶቹንና የብሱን ያገናኛሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤርናኩለም ውስጥ ብሮድዌይ በሚባለው አሮጌ ገበያና በዙሪያው ባሉት ጠባብ መንገዶች የብረታ ብረት፣ የገመድ፣ የጨርቅ፣ የቅመምና የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴዎች ተጠጋግተው ይሠራሉ። ባለቤትዎ የተበላ የፓምፕ ዘንግ በጨርቅ ጠቅልሎ ቶርኖ ቤት ሲፈልግ፣ አንዱ ባለሱቅ ወደ ሌላው፣ ያም ወደ ወንድሙ ልጅ ይመራችኋል፤ በባጃጅ ተጭናችሁ የጎብኚ መጽሐፍ ወደማያውቀው ሰፈር ትደርሳላችሁ፤ ዘንጉ እስኪቀረጽም አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ሰዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ምሳቸውን ምን እንደሚበሉ ታያላችሁ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አይቸግራችሁም፤ በኬረላ ትምህርት የተስፋፋ ነው፤ ዘመዱ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ቤተሰብም ብዙ ስለሆነ እንግዳ ሰው አያስደንቃቸውም። ባለቤትዎ በዚህ ዓይነቱ ቀን ከተማውን እየጎበኘ መሆኑን ላያስተውል ይችላል፤ አይንገሩት።

ሰዓቱን በተመለከተ ግን ጥብቅ ሁኑ። ኮቺ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አሥር ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ እንኳ ቀትር ላይ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ይደርሳል፤ እርጥበቱ ሲጨመርበት የሞተር ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ መሥራት ጤና ይጎዳል። ጀልባ ላይ የሚሠራው ሥራ ከማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ይሁን፤ አምስት ሰዓት ሲሆን መፍቻው ይሰብሰብ፤ ያላለቀው ለነገ ይደር። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የዕረፍት፣ አመሻሹም የከተማ ነው። በዚህ ላይ መስማማት ያለባችሁ አስቀድማችሁ ባሕር ላይ ሳላችሁ ነው፤ እጁ ግራሶ ከነካ በኋላ የሚነሣ ክርክር አያልቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለጉብኝትም ለጥገናም አታስቧቸው። ወደብ ቁጥጥሩን በሬዲዮ ጠርታችሁ ስትገቡ አብዛኛውን ጊዜ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሹማምንት እስኪጨርሱ ድረስ በዊሊንግደን ደሴት ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላችሁ ትጠብቃላችሁ። ይህች ደሴት ራሷ እንግሊዞች ወደቡን ሲያስጠልቁ ባወጡት አፈር የተሠራች ናት። የሚሞላው ቅጽ ብዙ ስለሆነ የፓስፖርት፣ የጀልባ መዝገብና የስም ዝርዝር ቅጂዎችን በብዛት ይዛችሁ ግቡ፤ ቪዛችሁም በባሕር በር ለመግባት የሚያገለግል መሆኑን ላንካዊ ሳላችሁ አረጋግጡ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ እላለሁ። በሕንድ ሕግ ያለ ፈቃድ የሳተላይት ስልክ መያዝና መጠቀም ክልክል ነው፤ በዚህ ምክንያት የታሠሩ የውጭ ዜጎች አሉ። ጀልባችሁ ላይ ቱራያ ወይም ኢሪዲየም የሚባለው የሳተላይት ስልክ ወይም በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ካለ፣ ስትገቡ ለጉምሩክ በጽሑፍ አስታውቁ፤ አገሪቱ ውስጥ እስካላችሁ አትክፈቱት፤ በምንም ምክንያት በቦርሳ ይዛችሁ ወደ የብስ አትውጡ። የማሪናውንም የውኃ ጥልቀት ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አካባቢው ደለል የሚሞላው ነው።

ጥገናው መልክ ከያዘ በኋላ፣ ምናልባት በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ፣ ከጀልባ ወርዳችሁ ፎርት ኮቺ በሚባለው አሮጌው ሰፈር ሁለት ሌሊት እንድታድሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ባለቤትዎ ጀልባውን ጥሎ ማደር ሊከብደው ይችላል፤ ሆኖም ጀልባው ማሪና ውስጥ በጠባቂ ፊት ታስሮ፣ ከታች ውኃ የሚያስገቡት መዝጊያዎች ሁሉ ተዘግተው ሁለት ሌሊት ቢቆይ ምንም አይሆንም። በማይናወጥ አልጋ ላይ፣ የመልሕቅ ሰንሰለት ሳያዳምጡ፣ ለጥበቃ ሳይነሡ አብሮ ማደር ለእናንተ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጣል።

ሰፈሩ ለባለቤትዎ የሚናገረው ብዙ ነገር አለው። ኮቺን ወደብ ያደረጋት፣ እንደሚተረከው፣ በ1341 የደረሰ ታላቅ ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ በስተ ሰሜን የነበረውን የጥንቱን የቅመም ወደብ በደለል ሲደፍነው የኮቺን አፍ ከፈተው። ከ1500 በኋላ ፖርቱጋሎች፣ ከ1663 በኋላ ሆላንዶች፣ ከ1795 በኋላ እንግሊዞች ለቁንዶ በርበሬው ሲሉ ተፈራርቀውባታል። የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግቡ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 ኮቺ ውስጥ ሲሞት የተቀበረው እዚያ ነው፤ አጽሙ ኋላ ወደ ሊዝበን ቢወሰድም ድንጋዩ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ከቆሙት የመቃብር ድንጋዮች ብዙዎቹ በሆላንድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። አንብቦ እንዲተረጉምልዎት ይጠይቁት፤ ከአገራቸው ርቀው የሞቱ መርከበኞችንና ነጋዴዎችን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ሲያነብ ከተማው የእርሱም ጉዳይ መሆኑ ይገባዋል። እግረ መንገዱንም ያ ንግድ በኬረላ ገበሬ ላይ በግዴታ ዋጋ የተጫነ ንግድ እንደነበረ መነጋገር ይገባችኋል፤ ባሏ ሆላንዳዊ፣ ሚስቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑ ባልና ሚስት ይህን ጉዳይ በግልጽ ቢያነሡት ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም ብዬ አምናለሁ።

የቻይና መረብ የሚባሉትን ትላልቅ ማጥመጃዎች ጎሕ ሲቀድ ሂዳችሁ እዩ። በረጃጅም እንጨቶች ተወጥረው፣ በገመድ በተንጠለጠሉ ድንጋዮች ሚዛን እየተጠበቀላቸው፣ ብዙ ሰዎች ተባብረው ወደ ውኃ ያወርዷቸዋል፣ ያወጧቸዋልም። ባለቤትዎ የገመዱንና የሚዛኑን አሠራር ለማየት ረጅም ጊዜ እንደሚቆም እርግጠኛ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ አጠገቡ ከሚሸጠው ዓሣ ለምሳ ይምረጡ። ከዚያ ማታንቼሪ ወደሚባለው አጎራባች አሮጌ ሰፈር መሄድ ነው። በ1568 የተሠራውን ምኩራብ፣ በእጅ በተሣሉ የቻይና ሰቆች የተነጠፈውን ወለሉን፣ ፖርቱጋሎች በ1555 አሠርተውት ሆላንዶች ያደሱትን ቤተ መንግሥትና ራማያና የሚባለውን የሂንዱዎች ጥንታዊ ተረክ የያዙትን የግድግዳ ሥዕሎች እዩ፤ ምኩራቡ ዓርብና ቅዳሜ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስተካክሉ። ቅመሙን እዚያው ከጅምላ ነጋዴዎች መግዛት ይቻላል፤ ሄል፣ እርድ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ለእርስዎ አዲስ አይደሉም፣ ጥራታቸውንም ከማንም ጎብኚ በላይ ያውቁታል። ከኮቺ በስተ ደቡብ ባለችው በአላፑዛ ውኃ ላይ በቤት ጀልባ ማደር ለሁሉም ጎብኚ ይመከራል፤ በእኔ አስተያየት ዓመቱን ሙሉ ጀልባ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተዉት።

አብራችሁ የምትሆኑበትን ቀን እንደወሰናችሁ ሁሉ የምትለያዩበትንም ቀን ወስኑ። ለሳምንታት በ11 ሜትር ውስጥ የቆዩ ሁለት ሰዎች ለየብቻ መዋል ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም። ብቻዎን ሲወጡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሲመሽ በእግር ከመሄድ ባጃጅ ይያዙ። የአሁኑ ከቀድሞው የሚለየው ብቻዎን የወጡት ተጥለው ሳይሆን ፈልገው መሆኑ ነው።

ወደ ቅዳሴው ጥያቄ ስመለስ፣ የሰሙት እውነት ነው። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናት፤ በጃንዋሪ 1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የአኃት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይም መሪዋ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመንና ከኢትዮጵያ አባቶች ጋር ተቀምጠዋል። ምእመናኑ እምነታቸውን ከሐዋርያው ቶማስ እንደተቀበሉ ይተርካሉ። በ1653 ማታንቼሪ ላይ ተሰብስበው በመስቀል ፊት የፖርቱጋል ኢየሱሳውያንን አገዛዝ ላለመቀበል ማሉ፤ ብዛታቸው መስቀሉን መንካት ስላላስቻለ በመስቀሉ ላይ ያሰሩትን ገመድ እንደያዙ ይነገራል። ይህ የሆነው ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ ከመለሱ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ እኛ አገር የመጡት ኢየሱሳውያንም መነሻቸው ከኮቺ በስተ ሰሜን ያለችው ጎዋ ነበረች። ማታንቼሪ ሲቆሙ ይህን ቢያስቡ ከምኩራቡና ከቤተ መንግሥቱ በላይ ልብዎን የሚነካው ይህ ይመስለኛል።

ነጠላዎን ይዘው ይሂዱ። ጫማ ከደጅ ይወልቃል፣ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይቆማሉ፤ ቅዳሴው በማላያላምና በሱርስት ነው። በኬረላ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የኦርቶዶክስ ሶርያውያን አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ስለሚመሳሰሉ የማን እንደሆነ ጠይቀው ይግቡ፤ ኦርቶዶክሶቹም ራሳቸው በአስተዳደር ምክንያት ለሁለት ተከፍለው ስለሚከራከሩ በዚያ ነገር ውስጥ እንግዳ ሰው ባይገባ ይሻላል። ለማስቀደስ የሚከለክልዎ የለም፤ ለመቁረብ ካሰቡ ግን ከንስሐ አባትዎ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ፤ እዚያም ሲደርሱ ካህኑን አስቀድመው ያነጋግሩ። ዐቢይ ጾም እዚያ እያሉ ከገባ ብዙ አይቸገሩም፤ ብዙው ወጥ በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ ከተቦካ ሩዝ የሚጋገረውን አፓምም ይወዱታል፤ በሙዝ ቅጠል በሚቀርበው የአትክልት ማዕድ ላይ ግን ቅቤና እርጎ ስለሚኖር ይጠይቁ።

አንድ ከሰዓት ደግሞ በሜትሮ ባቡር እስከ ትሪፑኒቱራ ብትሄዱ መልካም ነው። የኮቺ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይታያል፤ ለእኛ ግን ከተማይቱ ሌላ ትርጉም አላት። በኋላ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ጳጳስ የሆኑት ፖል ቨርጊስ በ1922 የተወለዱት እዚያ ነው፤ በ1947 መምህር ሆነው ኢትዮጵያ መጡ፣ አማርኛ ተማሩ፣ ከዓመታት በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆኑ። በእርሳቸው ዘመንና ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ከየት እንደመጡ ሲናገሩ፣ አባቱ ወይም አክስቱ ጎንደር ወይም ሐረር ያስተማረ ሰው ቢያገኙ አይደነቁ፤ ቤቱ ከጋበዘዎ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፣ ምን ያህል ርቆ መጥቶ የሚስቱን አገር እንዳገኘ ያያል።

እኅትዎን ይጥሯት፤ ከዱባይ ኮቺ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የምትመጣው ግን በሦስተኛው ሳምንት ይሁን፤ ሁለታችሁ ሳትታረቁ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ባለቤትዎ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ጀልባው ላይ አታሳድሯት፤ ስሟ በመርከበኞች ዝርዝር ስለሌለ ከኢሚግሬሽን ጋር ጣጣ ያመጣል፤ ፎርት ኮቺ ከሚገኙት የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዱ ክፍል ይያዙላት። የመመለሻ በረራዋም እናንተ የመውጫ ፈቃድ ከምትጠይቁበት ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን ይቅደም፤ ያ ቀን የጉምሩክና የትኩስ አትክልት ግዢ ቀን ስለሆነ ለስንብት ጊዜ አይተርፋችሁም።